ከአዳማ ሐዋሳ በአስር ሰዓት ተኩል

አዳማ ለሚኖር ሰው ሐዋሳ ጎረቤት ናት። 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ጠዋት ቁርሱን በልቶ የተነሳ ሰው ለምሳ ይደርሳል፣ ትንሽ ከረገጠማ ምሳው ሳይበስል ይደርሳል። እኛ ከንጋቱ 12፡30 ተነስተን የገባነው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። መንገድ አልተዘጋብንም። ዝናብ አልያዘንም። ጋሼን ይዤ ነበር፣ ሌላ ምንም የለም።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። 67 ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። አዳማ ላይ ይሄ ብርቅ አይደለም፣ የሰፈራችን ግማሽ ሾፌር ነው፣ ግማሹ ደግሞ ሾፌር ሲጠብቅ ያረጀ ነው። ከአዳማ አሰብ፣ ከአሰብ አዳማ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መጥቶ አሰብ ሲዘጋ ወደ ጅቡቲ ዞሩ። በኋላ ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጣ። ታከሙ፣ ዳኑም፣ ግን መንጃ ፈቃዳቸውን ሊያሳድሱ አልሄዱም። አንድ ቀን «ይበቃል» አሉ፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ መኪና ሲሳፈሩ ከኋላ ነው የሚቀመጡት። ታክሲ ላይ እንኳን ጋቢናው ባዶ ሆኖ እያዩት አልፈውት ኋላ ይገባሉ። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም።

እኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስምንት ወሬ ነው። መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ ከእኔ ትንሽ ነው የምታንሰው። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ከጓደኛዬ ጋር ሐዋሳ፣ ከዚያ አርባ ምንጭ ልንሄድ ሁለት ወር ሙሉ ስናቅድ ከርመን፣ ሦስት ቀን ሲቀረን እሷ ከሥራ ፈቃድ ተከለከለች። ቤት ቁጭ ብዬ ሳኮርፍ እናቴ «ለምን ጋሼን ይዘሽው አትሄጂም?» አለች። ሳቅኩ። ጋሼ አልሳቁም። የቡና ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?» አሉ።

ለካ የደቡብ መንገድ የመጀመሪያ መንገዳቸው ነው። በ17 ዓመታቸው በፊያት ኤን 3 ላይ ረዳት ሆነው ከአርባ ምንጭ ጥጥ ይጭኑ ነበር። አሰብ መንገድ ላይ ከወጡ ጀምሮ ግን ተመልሰው አላዩትም። እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን የማውቃቸው የበረሃ ሾፌር አድርጌ ነበር።

ዓርብ ዕለት ገና ሳይነጋ በር ላይ ናቸው። ጋቢ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ የያዘ ፌስታል፣ እና ዱላ። ሰላም ሳይሉኝ መኪናዋን መዞር ጀመሩ። እያንዳንዱን ጎማ በዱላው መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ዱላው ነጥሮ ከተመለሰ ጎማዋ ደህና ናት። ዱላውን ከዋጠችው ንፋስ ጎድሏታል። የከባድ መኪና ሰው ያን ሁሉ ጎማ አንድ በአንድ ሲለካ አይውልም፣ እንዲህ እየመታ ያዳምጣል እንጂ። አራቱንም አዳመጡ።

«አምስተኛዋስ?»

ስኮርቷን ማለታቸው ነው። ስኮርቷ ያለችው ከኋላ ወለሉ ሥር ነው፣ እላይዋ ላይ ደግሞ ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ጄሪካን ውሃና እናቴ ያሸከመችኝ ግማሽ ኩሽና ተጭኗል።

«ደህና ናት ጋሼ» አልኩ። መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ አይቻት አላውቅም።

የኋላ ወንበርም ዕቃ ሞልቶት ስለነበር ጋሼ ወደዱም ጠሉም ጋቢና ገቡ። ገና ከሰፈር ሳንወጣ ለምን ኋላ እንደሚቀመጡ ገባኝ። ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል። እኔ ፍሬን ለመያዝ ትንሽ በዘገየሁ ቁጥር እሳቸው በሌለ ፍሬን ያቆማሉ። ግራ እጃቸው ወደ ማርሹ ይሄድና መንገድ ላይ እንደነቃ ሰው ደንግጦ ይመለሳል። አንድ ቃል አይናገሩም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከአዳማ ስንወጣ ወደ ፈጣኑ መንገድ ልታጠፍ ፍሬቻ አበራሁ።

«ወዴት ነው?»

«በፈጣኑ መንገድ ነዋ። ሞጆ ላይ ከሐዋሳው ፈጣን መንገድ ጋር ይገናኛል፣ እስከ ባቱ ያደርሰናል።»

«ፈጣኑ መንገድ ላይ ማን ቡና ያፈላል?»

ፍሬቻዬን አጠፋሁ።

በአሮጌው መንገድ ሞጆ እስክንደርስ ጋሼ ሥራ ላይ ነበሩ። የሚመጣውን ተሳቢ ሁሉ ያነባሉ። ይሄ ሙሉ ጭኗል፣ ይሄ ባዶውን ነው፣ ይሄ ደግሞ ጭነቱ ወደ ግራ አዘንብሏል፣ ሲሚንቶ ነው የያዘው። አንዳንዱ ሾፌር ላይ እጃቸውን ያነሳሉ፣ አንዳንዱም ይመልስላቸዋል፣ ማን ናቸው ብሎ ግራ እየተጋባ። ሞጆ ስንደርስ ደረቅ ወደቡን አሳየኋቸው፣ ኮንቴይነሩ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድሮ ፎቅ ሆኗል። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። «እኛ ስንሠራ ወደብ ባሕር ዳር ነበር» አሉ። ቀልድ ይሁን ቁጭት እስካሁን አልለየሁም። የሞጆ የቆዳ ፋብሪካ ሽታ ሲመጣ መስኮት ዘጋሁ፣ እሳቸው ግን ከፈቱት። ሽታው ሲመጣ ሞጆ ደረስን ብለው ከእንቅልፍ ይነቁ ነበር አሉ፣ ረዳት ሳሉ።

ከሞጆ ወደ ግራ ታጥፈን ትንሽ እንደሄድን አዋሽ አለ። እዚህ ነው የመጀመሪያው «አቁሚ» የመጣው። ዳር ያዝኩ። ወርደው ወንዙን ቁልቁል አዩት። በጥቅምት ጠዋት ብርሃን ጤፉ ቢጫ ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ ወንዙ ደግሞ እንደ ወትሮው ቡናማ ነው፣ ዝቅ ብሎ ቆቃ ግድብ ውስጥ ይገባል። ቆቃን በ1952 ዓ.ም. ነው ሠርተው የጨረሱት፣ ከጋሼ ብዙም አያንስም።

«ይሄን ወንዝ አሳድጌዋለሁ» አሉ ጋሼ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ለካ የአሰብ ሾፌር ማለት ከአዋሽ ጋር አብሮ የሚኖር ሰው ማለት ነው። ወንዙ ከጊንጪ በኩል ተነስቶ፣ በእኛ አጠገብ አድርጎ፣ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ጋ አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ባሕሩን ሳያይ። እሳቸው ባሕሩ ድረስ እየሄዱ እየተመለሱ አዋሽን መንገድ ላይ ሲተዉት ሲያገኙት ኖረዋል። የማውቀው ነገር ነበር፣ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ግን እንደ ጎረቤት ልጅ ሲያወሩት ሰምቼ አላውቅም።

ሁለተኛው «አቁሚ» ዓለም ጤና፣ ቡና። ሦስተኛው መቂ፣ እንደገና ቡና። መቂ ላይ ቲማቲሙና ሽንኩርቱ መንገድ ዳር ተቆልሎ ሳይ ልገዛ ወረድኩ። ጋሼ በመስኮት ጠሩኝ። «ሽንኩርት ሲመለሱ ነው የሚገዛው» አሉ። «ሲሄድ የሚገዛ ሽንኩርቱን አገር ያስጎበኛል።» ሻጯ ልጅ ሳቀች፣ እኔም ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ባቱ ስንደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። እሳቸው ዝዋይ ነው የሚሏት፣ አዳማንም ናዝሬት፣ ሐዋሳንም አዋሳ፣ ማንም አያርማቸውም። ሐይቁ ዳር ቆምን። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ውሃው አማተቡ። ደሴቶቹ ከሩቅ ይታያሉ። አምስት ናቸው፣ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፣ ደብረ ጽዮን ማርያም ያለችበት። በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም ይዘው ሸሽተው እዚያ አቆዩት ይባላል። የዛይ ሰዎችም እዚያ ደሴት ላይ ሲኖሩ ነው ሃይማኖታቸውንም ቋንቋቸውንም ይዘው የቆዩት። ጋሼ ከጓደኞቻቸው ጋር በጀልባ ሊሻገሩ ሁለት ጊዜ ቃል ገብተው ሁለቴም ጭነት አጣድፏቸው አልፈዋል። «አሁንስ?» አልኳቸው። «አሁንማ አንቺ ሐዋሳ ሐዋሳ ትያለሽ» አሉ። እኔ ላይ ጣሉት!

ዝዋይ ተመጥቶ አሳ ሳይበላ አይታለፍም፣ ችግሩ ቀኑ ዓርብ ነው። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እናንተም ቤት ስለምታውቁት አልደግመውም። እኛ ቤት አይበላም። መንገደኛ ይፈቀድለታል ብዬ ሞከርኩ።

«የምትነዳው አንቺ። የምትሄደው መኪናዋ። እኔ ምን ደከምኩ?»

ሽሮ አዘዙ። እኔ ቆሮሶ ጥብስ አዘዝኩ፣ ያውም አፍሬ። አሳው ሲመጣ በቢላ የተተለተለው ጎኑ ጥርት ብሎ ተጠብሷል፣ ጭራው ኩርምት ብሏል፣ ዳታና ሎሚ ከጎኑ አለ። ጋሼ ሽሯቸውን እየበሉ ስለ አሳው ይጠይቁኛል። አጥንቱ በዝቷል? ቆዳው ይሰበራል? ጭንቅላቱን ትተይዋለሽ እንዴ? እንዲህ እየተጠያየቅን ግማሹን የበሉት እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል።

ያን ጊዜ ነው ስለ ጋቢናው የጠየቅኳቸው። እጃቸውን ታጥበው እስኪያደርቁ ድረስ አልመለሱልኝም።

«ኋላ ስትቀመጪ ሰው ነሽ» አሉ። «ጋቢና ስትቀመጪ ግን ሥራ የፈታ ሾፌር ነሽ።»

ቡልቡላን አልፈን ትንሽ እንደሄድን መኪናዋ ወደ ግራ መሳብ ጀመረች። እኔ ንፋስ መስሎኝ መሪውን አጥብቄ ያዝኩ። የጋሼ እግር ወለሉን ረገጠ፣ አሁን ግን አፋቸውም ተከተለ። «ፍሬን አትያዢ። ነዳጁን ልቀቂ። ዝም ብላ ትሙት። ዳር ያዢ።» የኋላ ግራ ጎማ። ቁጭ ብላለች።

ጎማ ቀይሬ አላውቅም። የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ላይ አንድ አስተማሪ ሲቀይር ከሃያ ሰው ኋላ ቆሜ አይቻለሁ፣ እሱም የሰው ጀርባ ነው ያየሁት። ጋሼ ደግሞ ጉልበታቸው አይታጠፍም። ጄሪካኑን አወረዱ፣ ገልብጠው ተቀመጡበት፣ ዱላቸውን ያዙ።

«መጀመሪያ ቅጠል።»

ከኋላችን ራቅ አድርጌ አስፋልቱ ላይ ቅጠል መጣል ነበረብኝ፣ የሚመጣው መኪና እንዲጠነቀቅ። ሦስት ልጆች ከየት እንደመጡ ሳላውቅ ደረሱ፣ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ። ያ መንገድ ላይ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ገንዘብ ነው። ጋሼ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏቸው፣ ልጅቷ ሮጣ ሄዳ ከእሷ የሚበልጥ የግራር ቅርንጫፍ እየጎተተች መጣች።

«አሁን ድንጋይ። በሰያፍ፣ የፊት ቀኟን። ሁለት ድንጋይ፣ ከፊትም ከኋላም። የእጅ ፍሬን ይዘሻል?» ይዣለሁ። ክሪኩን ላስገባ ጎንበስ ስል ዱላው እጄን ነካ አደረገው። «ዳዶውን ሳታላሊ ታነሺያታለሽ? ጎማው አየር ላይ ሆኖ ከአንቺ ጋር ይዞራል እንጂ አይፈታም። መሬት ላይ እንዳለች አላሊ።» መፍቻውን አስገብቼ በእጄ ሳብኩ። ንቅንቅ የለም። «እጅ ለእንጀራ ነው፣ በእግርሽ» አሉ። ጫማዬን መፍቻው ላይ አድርጌ በሙሉ ክብደቴ ቆምኩበት፣ ትንሽ ዘለልኩበትም፣ ዳዶው ጓ ብሎ እጅ ሰጠ። ልጆቹ አጨበጨቡ። አራቱን እንዲህ አላላሁ፣ ከዚያ ክሪክ፣ ከዚያ ፈታሁ፣ ዳዶዎቹን ጋሼ ባርኔጣቸው ውስጥ ተቀበሉኝ፣ አሸዋ እንዳይነካቸው።

ከዚያ ስኮርቷን ላወጣ የእናቴን ኩሽና ሁሉ መንገድ ዳር ደረደርኩ። ድስቱ፣ በርበሬው፣ ምድጃው። ወለሉን ከፍቼ ስኮርቷን ጎትቼ አወጣኋት። ጋሼ ከተቀመጡበት ዱላቸውን ዘረጉና መታ አደረጓት።

ዋጠችው።

ምንም አላሉኝም። እኔም ምንም አላልኩም። ጠዋት «ደህና ናት ጋሼ» ያልኩት ድምፄ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። ጨርሳ አልሞተችም፣ ቀስ ተብሎ ከተሄደ ታደርሳለች፣ ስለዚህ ገጠምናት። ዳዶው ሲጠብቅ ደግሞ በዙሪያው አይደለም፣ አንዱን አጥብቀሽ ትይዩውን፣ በመስቀል፣ አለዚያ ጎማው ዘምሞ ይቀመጣል። ክሪኩ ከወረደ በኋላ እንደገና ማጥበቅ። ጨርሼ እጄን በበርበሬው ፌስታል ጠርጌ (አትሞክሩት) ልነሳ መኪና ውስጥ ገባሁ። ጋሼ አልገቡም።

«ድንጋዩስ?»

«የቱ ድንጋይ?»

በዱላቸው አሳዩኝ። የፊት ጎማዋ ሥር የነበሩት ሁለቱ ድንጋዮች አስፋልቱ ላይ ናቸው። ሌሊት ቢሆን ለባለ ሞተር ሞት ነው። «ድንጋዩን ትቶ የሄደ ሾፌር ሰው ገጭቶ እንደሄደ ቁጠሪው» አሉ፣ ድምፃቸው እስካሁን ያልሰማሁት ዓይነት ነበር። ወርጄ ሁለቱንም ከመንገድ አወጣሁ፣ ቅርንጫፉንም። ለልጆቹ ያለንን ሃይላንድ ሁሉ ሰጠን፣ ዳቦ ቆሎውንም ጭምር።

ከዚያ በሰዓት 40። ላንጋኖ በግራ፣ ውሃው ወተት የነካው ሻይ መስሎ፣ ልዋኝ የነበረበት ቦታ ሁሉ አለፈኝ። በቀኝ አብጃታ ከነበረበት በጣም ሸሽቷል፣ ጋሼ የት እንደነበር በዱላ ያሳዩኛል። ወደ እሱ የሚወርደው የቡልቡላ ወንዝ ውሃ ላይኛው ላይ ለመስኖ ይጠለፋል፣ ከራሱ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲቀዳ ኖሯል። ጎረቤቱ ሻላ ግን ጥልቅ ነው፣ ከ260 ሜትር በላይ፣ በቀላሉ አይደፈርም። አርሲ ነጌሌ ስንደርስ ጎሚስታው ጎማዋን በርሜል ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ፈለገ። ሚስማር ነው። ነቅሎ ደፈነልን፣ መልሶ ገጠማት፣ ስኮርቷንም ነፋልን። የነጌሌ አረቄ ስሙ ትልቅ ነው፣ አንድ ጠርሙስ ለእናቴ ልግዛ ስል «እሱም ሲመለሱ» አሉ ጋሼ።

ነጌሌን ከወጣን በኋላ ድምፅ ሲጠፋ ዞር አልኩ። ጋሼ ተኝተዋል። አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል፣ እግራቸው ወለሉ ላይ ዘና ብሏል። እናቴ ሁልጊዜ የምትለው ነገር አለ፣ ሾፌር የሰው መኪና ላይ እንቅልፍ አይወስደውም። ፍጥነቴን ጨምሬ የነበረውን ቀነስኩት።

ሻሸመኔ ላይ የባጃጅ ክላክስ ቀሰቀሳቸው። መስቀለኛውን እንዳዩ ቀና አሉ። «ለአርባ ምንጭ በዚህ በቀኝ፣ በሐላባ ነው እኮ።» አውቃለሁ አልኳቸው፣ ግን ዛሬ የምናድረው ሐዋሳ ነው፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ነገ እዚሁ እንመለሳለን። «አሳ ለመብላት?» አሉ። አዎ። «ዓርብ ቀን?» ነገ ቅዳሜ ነው አልኳቸው። ይሄን አላሰቡበትም ነበር። ጢማቸውን እያሻሹ ጥቁር ውሃን እስክንሻገር ድረስ ዝም አሉ፣ ከዚያ «ጉላሽም ይሠራሉ አይደል?» አሉ።

ሐዋሳ ስንገባ መሽቶ እንዳይቀድመን ቀጥታ ፍቅር ሐይቅ ሄድን። ሰው ሁሉ ወክ ይላል፣ ለውዝ ይበላል፣ ፎቶ ይነሳል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በሰው መሀል እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደሚንጎራደዱ የድሮ የትምህርት ቤት ዲሬክተሮች ይዞራሉ። ጋሼ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ይሄ ሐይቅ ወንዝ ይገባበታል እንጂ አይወጣበትም አልኳቸው፣ ጨው ግን አይደለም። አሰቡበት። «አዋሽም ባሕር አይደርስ፣ ይሄም አይወጣ» አሉ። «አባይ ብቻ ነው ግንድ ይዞ የሚዞረው።»

ማደሪያችን ሁለት ጠባብ ክፍል ነው፣ የእኔ መስኮት መኪና ማቆሚያው ላይ ነው የሚያየው። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው።

«ቁልፉን ስጪኝ እስቲ፣ ጋቢዬን መኪና ውስጥ ረስቼ ነው።»

ጋቢውን አየሁት። እሳቸውም ማየቴን አዩ። ቁልፉን ሰጠኋቸው።

መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ። ከታች የዱላው ድምፅ ተሰማኝ። አንድ። ትንሽ ቆየና ሁለት። ሦስት። አራት። ከዚያ የኋላው በር ሲከፈት፣ የእናቴ ድስት መሬት ሲቀመጥ፣ ምድጃው ሲከተል ሰማሁ።